ልጄን ለኮሌጅ የጠየቁ ሽማግሌዎች

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ የግቢያችን በር ተንኳኳ። የሰፈራችን ሰው በር ሲያንኳኳ ይደበድበዋል፤ አለዚያም ከውጭ ስምህን ይጠራል። ያን ቀን ግን የተንኳኳው በቀስታ፣ እየተጠበቀ ነበር። ባለቤቴ ወይንሸት ከጓዳ ሆና፣ "ክፈትላቸው" አለችኝ። እነማን እንደሆኑ እኔ ሳላውቅ እሷ ብዙ መሆናቸውን አውቃለች ማለት ነው።

ስከፍት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት የእድራችን ሰብሳቢ፣ ጡረተኛው መምህር አቶ ደጀኔ፤ ቀጥሎ ባለሱቁ ጋሽ ሁሴን፤ ከኋላ ደግሞ በሰፈራችን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ወንድም ታምራት። ሦስቱም የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። የሦስቱ እምነት ለየቅል ስለሆነ በአንድ ቀን እንዲህ የሚለብሱት ለለቅሶ ወይም ለሽምግልና ነው። በሰፈሩ ደግሞ የሞተ ሰው አልነበረም።

"ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ" አልኩ።

"አንቀመጥም" አሉ አቶ ደጀኔ፣ ሳሎኑ መሃል ቆመው። "የመጣንበትን ሳንናገር፣ መልስህንም ሳንሰማ አንቀመጥም።"

ደሜ ፈላ። ለምን እንደፈላ እንዲገባችሁ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ።

ሲግናል አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረኝ፤ በር፣ መስኮት፣ ቁም ሣጥን እሠራ ነበር። ትምህርቴ የቆመው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያወቅሁት መጽሐፍ እየተዋስኩ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ነው። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው። እያንዳንዷን ቃል እንዴት እንዳገኛት ስለሚያስታውስ፣ ሰው በትምህርት የቀለደ ሲመስለው አይታገሥም። እኔም አልታገሥም ነበር። የበኩር ልጄ ፌቨን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ክፍለ ሀገር ባለ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ፣ አካውንቲንግ እንድታጠና በልቤ ወስኜ ጨርሼ ነበር። እሷ ግን አንድ ማታ ራት ላይ፣ "አባዬ፣ እኔ መማር የምፈልገው ፊልምና ሚዲያ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ" አለችኝ።

"ፊልም ይታያል እንጂ ይማሩታል?" አልኳት።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ንግግራችን በእናቷ በኩል ሆነ። ከፊቷ ተቀምጬ እያየችኝ፣ "እማዬ፣ ለአባዬ ምሳ ቀርቧል በዪው" ትላለች። እኔም፣ "ሰምቻለሁ በያት" እላለሁ። ወይንሸት መሃላችን ሆና አንዴ ወደሷ፣ አንዴ ወደኔ እያየች ትስቃለች፤ አንዳንዴም ታለቅሳለች።

እንግዲህ እንዲህ በተኳረፍንበት ሰሞን ነው ሽማግሌ የቆመብኝ። ወዲያው ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። የሆነ ልጅ ልቧን ወስዶታል፤ ፊልም፣ አዲስ አበባ የምትለውም ከሱ ላለመራቅ ነው።

"የማን ልጅ ነው?" አልኩ።

አቶ ደጀኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መኮንን፣ የመጣነው ስለ ፌቨን ..."

"አልድርም!" አልኩ ሳላስጨርሳቸው። "ገና ልጅ ናት። እናንተም ብትሆኑ የገዛ ጎረቤታችሁን ልጅ እንዲህ ስትጠይቁ አታፍሩም?"

ጋሽ ሁሴን ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቃቸውን እየታገሉ ነው። "ኧረ በአላህ! ማን ዳራት አለህ፣ አንተ ሰውዬ? አስተምራት ነው የምንልህ!"

ወንድም ታምራት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባም የታፈነ ሳቅ ሰማሁ።

አቶ ደጀኔ ብቻ አልሳቁም። "የላከችን ልጅህ ናት" አሉ። "ከአባቴ ጋር ታረቁልኝ ብላ እያንዳንዳችን ቤት መጣች። ያለችንን እንደወረደ እነግርሃለሁ። የትምህርቱን ዓይነት እኔ ልምረጥ፤ ኮሌጁን አባቴ ይምረጥልኝ። ሁለት ኮሌጆች አሉ፤ ሄዶ ይያቸው። አይቶ ሁለቱንም አልወደድኩም ካለ፣ የተመደብኩበት ሄጄ እሱ ያለውን እማራለሁ። ቃሌ ነው ብላለች።"

የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ የጥሪ ቀን ከሚቀጥለው እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ነበር። ስለዚህ ያቺ ልጅ የመጪ ዘመኗን ጉዳይ ጠቅልላ በአንድ ሳምንት ውስጥ እኔ እጅ ላይ ጥላዋለች። ብትለምነኝ እምቢ እል ነበር፤ ብትሟገተኝ አሸንፋት ነበር። እንዲህ ስታምነኝ ግን አፌ የለመደውን ብቻ ተናገረ፦

"ጊዜ ስጡኝ፤ ላጣራ።"

"አጣራ!" አሉ ጋሽ ሁሴን። "እንደ አማች አጣራው፣ እስከ ሰባት ቤት!"

ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ጋሽ ሁሴን የተናገሩት ለቀልድ ነው፤ እኔ ግን የምር ወሰድኩት። ልጅ የሚድር ሰው የሙሽራውን ቤት ስለ ሙሽራው አይጠይቅም። ጎረቤቱን፣ የሚሸጥለትን፣ አብሮት የሚሠራውን ነው የሚጠይቀው። እኔም የሥራ ቤቴን ቁልፍ ለረዳቴ ትቼ ኮሌጆቹን በዚህ መንገድ ላጣራ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው መገናኛ አካባቢ ያለ ባለ መስታወት ሕንፃ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና፣ "ጋሼ፣ ልጅዎ ከእኛ ጋር ፊውቸሯ ሴፍ ነው። ከመመረቋ በፊት ሥራ ታገኛለች" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ መስማት የምፈልገው እሱን ነበር። ፈቃዳቸው በወርቃማ ፍሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ትልቅ ካሜራ ተቀምጧል።

"ተማሪዎቹ በዚህ ነው የሚሠሩት?"

"እሱ ለዲስፕሌይ ነው። ፕራክቲካል ሦስተኛ ዓመት ላይ ይጀምራሉ።"

"እስከዚያስ?"

"ቲዮሪ" አለች ፈገግ ብላ።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ሻይ የምታፈላ ሴት አለች። ሻይ አዘዝኩና ስለ ተማሪዎቹ ጠየቅኋት። "የፊልሞቹን ነው? ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ" አለች። "አንድም ቀን ካሜራ ይዘው ሲወጡ አላየሁም። ሲመረቁ ግን ደረጃው ላይ ቆመው በጣም ያምራሉ።"

እኔ አናጢ ነኝ። መጋዝ ሳያስነካ ሁለት ዓመት የሚያስተምር አናጢ ቢኖር ልጄን አልሰጠውም።

ሁለተኛው ኮሌጅ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ በተከራዩት አሮጌ ቪላ ውስጥ ነው። ማስታወቂያው ዝናብ ያጠበው ቆርቆሮ ነበር፤ ክፍሎቹ ጨለም ያሉ፣ ኮሪደሩም ጠባብ። ፈቃዳቸውን አሳዩኝ፤ የታደሰ ነው። ከዚያ ውጪ ለዓይን የሚሆን ነገር አጣሁ። ሁለቱንም አልወደድኩም የምለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንደ ወጉ ግን ሳልጨርስ መፍረድ የለብኝም፤ ስለዚህ ተማሪዎቹ የት እንዳሉ ዘበኛውን ጠየቅሁ። "ነገ ቅዳሜ እንጦጦ ማርያም ጋ ናቸው። ቀረጻ አላቸው" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋቢዬን በኮቴ ላይ ደርቤ ዳገቱን ወጣሁ። ብርዱ ይቆነጥጣል፤ ከባህር ዛፎቹ የሌሊቱ ዝናብ ገና ይንጠባጠባል። ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከዛፎቹ መሃል ወደ መንገዱ በሚያወጣው ቀጭን መሄጃ ላይ ወጣቶች ካሜራ ከበው ቆመዋል። አንድ ጆሮው ላይ ሎቲ ያደረገ ልጅ እየሮጠ መጣ። ሎቲውን ገና ሳየው፣ የልጄ የወደፊት ባልንጀራ ይሄ ነው ብዬ ልቤ ቆረጠ።

"አባባ፣ በጣም ቆዩብን! ልብስዎ ግን ፐርፌክት ነው፣ ምንም እንዳይቀይሩ።"

"ማንን መሰልኩህ?" አልኩት።

አስተማሪያቸው ቀረበች። ወፍራም ጃኬት የለበሰች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ተማሪዎቹ ሚስ ይሏታል። "ከሰፈር አንድ አባት እየጠበቅን ነበር" አለችኝ። "እርስዎ አይደሉም?"

"አይደለሁም። የሴት ልጅ አባት ነኝ። ልጄ እናንተ ጋ እንድትማር ሽማግሌ ቆሞብኛል። ልጠይቃችሁ ሳይሆን ላጣራችሁ ነው የመጣሁት።"

ትደነግጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ ተማሪዎቿ ዞራ፣ "ሰማችሁ? እየተጣራብን ነው፤ ቀና በሉ!" አለችና መልሳ እኔን አየችኝ። "ያጣሩን። ግን የምንጠብቀው ሰው ስልኩን ዘግቷል፤ ብርሃኑም እየሄደብን ነው። ዳር ቆመው ከሚያጣሩን አብረውን እየሠሩ ቢያጣሩንስ?"

ሥራው ቀላል ነው ተባልኩ። ንግግር የለውም። አንድ አባት ሩቅ አገር የምትሄድ ልጁን ይሸኛል። ሻንጣዋን ተሸክሞ ከዛፎቹ ሥር እስከ መንገዱ ያደርሳታል፤ ሻንጣውን ያስቀምጣል፤ ተመልሶ ይሄዳል። ጥቂት ከተራመደ በኋላ ዞር ብሎ ያያትና በጋቢው ጫፍ እንባውን ይጠርጋል። ልጅቷን የምትሆነው አንዷ ተማሪ ናት።

ሻንጣ መሸከም ማን ያቅተዋል ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ ፈጠንኩ ተባልኩ። ቀጥሎ ካሜራውን አየሁ ተባልኩ። "ሻንጣ ማስቀመጥ አላውቅም ማለት ነው?" ብዬ ተቆጣሁ። "ያውቃሉ፤ የሚያስቀምጡት ግን ለእኛ ነው። ለልጅዎ ያስቀምጡ" አለችኝ አስተማሪዋ። ከዚያ ደመና መጣ። ፀሐይዋ እስክትመለስ ብርዱ ላይ ቆመን ጠበቅን። አንድም ተማሪ ስልኩን አላወጣም። ብርሃን የሚያንጸባርቅ ነጭ ሰሌዳ የያዘችው ልጅ ክንዷ እየተንቀጠቀጠ ሰሌዳውን አላወረደችም። ይህን በልቤ መዘገብኩ።

ፀሐይ ወጣች። ሻንጣውን ተሸከምኩ፤ አደረስኩ፤ አስቀመጥኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ሄድኩ።

"ካት! አባባ፣ ዞር ማለቱን ረሱት" አለ ባለ ሎቲው።

"አልረሳሁም። አልዞርም።"

"ለምን?" አለች አስተማሪዋ።

"አባት ዞሮ አያይም። ካየ የልጅቷ ልብ ቤት ይቀራል። እኔ ልጄን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ሳደርሳት በሩ ላይ እጇን ለቀቅኩና ሄድኩ። እያለቀሰች ነበር። አልዞርኩም።"

ጽሑፉን የደረሰው ባለ ሎቲው ኖሯል። "ሚስ፣ ካልዞረ እኮ ኢሞሽን የለውም" አለ። "ተመልካቹ አባትየው የማይወዳት ነው የሚመስለው።"

"ስለ ተመልካቹ ኋላ ትጨነቃለህ። ከፊትህ ያለውን ሰው መጀመሪያ ጠይቀው።"

ልጁ ከፊቴ ቁጢጥ አለ። "አባባ፣ ያን ቀን ሳይዞሩ ሲሄዱ ... ምን እያሰቡ ነበር?"

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሚስቴም፣ ልጄም፣ እኔ ራሴም። ልጁ አልቸኮለም፤ ሌላ ጥያቄም አልጨመረም። "እግሬን ነበር የማስበው" አልኩት በመጨረሻ። "እንዳይቆምብኝ እያዘዝኩት ነበር።"

ልጁ ትንሽ አየኝና ወረቀቱን አውጥቶ የራሱን ዓረፍተ ነገር ሰረዘው። የገዛ ጽሑፉን በሰው ፊት መሰረዝ የሚችል ወጣት ብዙ አላየሁም። ሎቲውን ያኔም አልወደድኩትም። ልጁን ግን ወደድኩት።

እንደገና ሠራነው፣ ሳልዞር። ሲያበቃ አስተማሪዋ ጠራችኝና የቀረጹትን በትንሿ ስክሪን አሳየችኝ። ካሜራው የቆመው ከልጅቷ ጎን ነው። ጋቢ የለበሰ ሰውዬ ሻንጣ አስቀምጦ ይሄዳል። ትከሻው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ አንገቱ የደነደነ፣ ሽማግሌ ነገር ነው። ማን ነው ይሄ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ሰው ጀርባውን መቼ ያያል? ከሰውየው ኋላ ልጅቷ ቆማለች። ሻንጣውን አላነሳችም። እጇን ለስንብት ከፍ ማድረግ ጀመረችና ግማሽ መንገድ ላይ ተወችው። ሰውየው ዛፎቹ መሃል ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

"ይህን ስታደርግ አላየኋትም" አልኩ።

"እንዴት ያያሉ? ከፊት ነበሩ" አለችኝ አስተማሪዋ በቀስታ።

ጉንፋን የያዘኝ መስዬ አፍንጫዬን ጠረግሁ። ከዚያ የመጣሁበትን ጉዳይ አስታወስኩና፣ "ሲመረቁ ሥራ ያገኛሉ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ሁሉም አያገኙም። ቃል ልገባልዎት አልችልም" አለችኝ።

ማጣራቴን እዚያው ላይ ጨረስኩ።

በማግስቱ እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። አሁንም አልተቀመጡም። "መልስህን" አሉ አቶ ደጀኔ።

"ትማር" አልኩ። "ከላይኛው ኮሌጅ፣ ከአሮጌው ቪላ። ግን የምቀበለው ኮሌጁን ብቻ አይደለም፤ እናንተንም ዋስ አድርጌ ነው። የምትሠራውን ፊልም እኔ ከማየቴ በፊት እናንተ ታያላችሁ። የሚያሳፍር ከሆነ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።"

"ጥሎሹስ?" አሉ ጋሽ ሁሴን።

"ጥሎሹ የሚሰጠው ከወዲያ ወገን ነው፤ እዚህ ግን ከፋዩ እኔ ነኝ። ተቀመጡና ብሉ!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ፌቨን ከመጋረጃው ወጥታ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆም አለችና፣ "አባዬ፣ ውሃ ላምጣልህ?" አለችኝ። እናቷን መሃል ሳታስገባ።

ወይንሸት ጓዳ ገብታ ዕቃ አንኳኳች። ማልቀሷ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ቆይቷል። ያ ሰፈር ዛሬ የለም። ቤቶቹ ለመንገድ ፈርሰው እኛም ተበትነናል። አቶ ደጀኔ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ጋሽ ሁሴን ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ ስልክ እንደዋወላለን። የምኖርበት ሕንፃ ንጹሕ ነው፤ ውሃም አይጠፋም። ግን ልጄ እዚህ ብትጣላኝ ከጎረቤቶቼ ማንን ትልክብኝ እንደነበር አላውቅም። ያን ሳምንት የምናፍቀው ለዚህ ነው። የሦስት እምነት ሰዎች አንዲት ልጅ ምን ትማር ብለው የክት ልብሳቸውን አውጥተው ቆመው ነበር።

አባቶች ሆይ፣ ኮሌጅ ስትመርጡ አጣሩ፤ ይህን ምክሬን አልለውጥም። በር ላይ የሚሰጣችሁን ወረቀት አትመኑ። ተማሪው በእጁ ምን እንደሚነካ ጠይቁ። "ቃል አልገባም" የሚላችሁን ሰው አክብሩት። ልጆች ደግሞ፣ አባታችሁን ማሸነፍ ብትችሉ እንኳ የሚወስነው ነገር ተዉለት። እኔ በፊልም ትምህርት ሁሉ ነገር አማረልን ብዬ አልዋሽም። ፌቨን ተመርቃ ረጅም ጊዜ ያለ ሥራ ተቀምጣለች፤ ነግሬሽ ነበር የሚለው ቃል ስንቴ ምላሴ ላይ ደርሶ እንደተመለሰ እኔና ወይንሸት እናውቃለን። ዛሬ ዘጋቢ ፊልሞች ታቀናብራለች። አንዳንዱ ሥራዋ አይገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ አልነግራትም፤ እናቷ ትነግርልኛለች።

ከዚያ ሁሉ ግን አብልጬ የማስታውሰው ለሽማግሌዎቹ መልስ በሰጠሁ ማግስት የነበረውን ሰኞ ነው። አስመዝግቤያት ስንመለስ ታክሲ ከምንጋፋ በእግር እንውረድ ተባባልን። ቁልቁለቱን እየወረድን፣ "አባዬ፣ አንተ ፊልም ቤት ገብተህ ታውቃለህ?" አለችኝ።

ነግሬያት አላውቅም ነበር። ወጣት ሳለሁ ሲግናል አንድ የቪዲዮ ቤት ነበር፤ በሸራ የተጋረደ፣ አግዳሚዎቹ ከፊሎቹ እኔ የሠራኋቸው። አንድ ቀን ፈረሰኛ ሰውዬ የጠፋ ወንድሙን ሲፈልግ የሚያሳይ ፊልም እያየን ነበር። ወንድሙ ያለበትን ቤት አግኝቶ፣ ከፈረሱ ወርዶ፣ እጁን ወደ በሩ ሲዘረጋ መብራት ጠፋ። ጠብቀን ጠብቀን ተበተንን። በማግስቱ ስሄድ ካሴቱ ለአከራዩ ተመልሷል።

"ወንድሙ በሕይወት ነበር?" አለች።

"ምኑን አውቄ!"

"እሺ፣ እኔ ልንገርህ" አለችና ጀመረች። በሩን የምትከፍተው ሴት ናት አለች። ሴትየዋ ማን እንደሆነች፣ ወንድምየው ለምን እንደጠፋ፣ ፈረሱ ምን እንደሆነ እያወራች ሄድን። ሲግናል ስንደርስ ገና መሃሉ ላይ ናት። የሥራ ቤቴን አልፈን፣ የጋሽ ሁሴንን ሱቅ አልፈን ግቢያችን በር ደረስን። ወይንሸት ከውስጥ፣ "ምን ትሠራላችሁ ደጅ? ምሳው ቀዘቀዘ እኮ!" ብላ ጮኸች።

"መጣን" አልኳትና ያወጣሁትን የበሩን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ መልሼ ከተትኩት። ፌቨን በሩን ተደግፋ፣ በሁለት እጇ እያሳየችኝ፣ ወንድምየው ከውስጥ ብቅ ሲል ምን እንዳለ ትነግረኝ ነበር።